የመጨረሻው እርምጃ ድምፅ

በሸዕባን ወር የመጀመሪያው ዓርብ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከሲያልኮት ከተማ ወጣ ብሎ ከጡብ መተኮሻው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ባጃጅ ነጂውን ሳንቆጥር። አንደኛው ሰርመድ ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ሲሆን ከሁለት ቀን በፊት ስሙ ለክሪኬት ብሔራዊ ቡድኑ በቴሌቪዥን የተነበበለት ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ነው። ሁለተኛው አሰልጣኙ ኡስታድ ጉልዛር ነበሩ፤ ከማይለዩት የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ሦስተኛዋ እናቱ ኩልሱም ቢቢ ናት። ሜዳ ረግጣ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ልጇ ከመሄዱ በፊት ሲወረውር ልይ ብላ በባጃጅ መጣች፣ ከባጃጁም ሳትወርድ በሻሿ ተከናንባ ታይ ነበር። አራተኛው ታላቅ ወንድሙ ሙዳሲር ሲሆን፣ እሱ አያይም ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጥ ነበር።

ሙዳሲር ሰው ሲወረውር ማየት አይሆንለትም። ወንድሙ ሲለማመድ ሜዳው የሚደለደልበትን ከባድ የብረት በርሜል ተደግፎ ፊቱን ወደ ጡብ መተኮሻው ጭስ ያዞራል። መምጣቱን ግን ቀርቶ አያውቅም። የሰርመድን መንደርደሪያ ያስተማረው እሱ ነው። አሥራ ስድስት እርምጃ ነው። አሥራ አምስቱ እየፈጠኑ ይመጣሉ፤ በአሥራ ስድስተኛው የግራ እግር መሬቱን አንድ ጊዜ ይመታል፣ ነፋስ እንዳላተመው በር፤ ከዚያ ኳሱ ከእጅ ይወጣል። ሙዳሲር እርምጃዎቹን በጡብ ዱቄት ምልክት እያደረገ ሲያስጠናው ሰርመድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። አሥራ ስድስቱ እርምጃዎች ቀድሞ የሙዳሲር የራሱ ነበሩ።

በዚያ ዓርብ፣ በሦስተኛው ኳስ፣ አሥራ ስድስተኛው እርምጃ ሁለት ጊዜ ተሰማ።

ልዩነቱ ትንሽ ነበር። መጀመሪያ ተረከዙ ዳሰስ አደረገ፣ ከዚያ የቀረው እግር ተከተለ። ኳሱ ሄዶ ዒላማ ሆነው ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች መካከለኛውን ከመሬት ነቅሎ ጣለው። ኡስታድ ጉልዛር ሱብሃነላህ አሉ። ኩልሱም ቢቢ ባጃጁ ውስጥ ሆና ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ አለች። ባጃጅ ነጂው አጨበጨበ። ሙዳሲር በአራተኛው ኳስ ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ፤ አሁንም ሁለት ጊዜ ነበር። በአምስተኛውም እንደዚያው።

ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ከስምንት ዓመት በፊት የወጣው ከገዛ እግሩ ነው። ያኔ የአውራጃው ፈጣን ወርዋሪ ሙዳሲር ነበር፤ ሊወስዱት የመጡ ሰዎችም ነበሩ። ወገቡን በግራ በኩል የሆነ ነገር መቆጥቆጥ ሲጀምረው ለማንም አልተናገረም። ሁለት ወር ደበቀው። እግሩ ግን ሳያማክረው መሬቱን መፍራት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ መንካት፣ ከዚያ ማረፍ። መቆም ሲያቅተው ኡስታድ ጉልዛር ይዘውት የሄዱት ትግል ወደሚያስተምር አንድ ወጌሻ ዘንድ ነበር። ወጌሻው በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ ቆመበት። በኋላ ላሆር ያለው ሐኪም የራጁን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ እያየ፣ አጥንቱ መጀመሪያ ፀጉር ያህል ብቻ ተሰንጥቆ እንደነበር ነገረው። ያኔ ብትመጣ ሦስት ወር ዕረፍት ይበቃህ ነበር፣ አለው። ሙዳሲር ከዚያ በኋላ አልወረወረም። ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ ለመነሳት የሰው እጅ ይፈልጋል።

አሁን ኳስ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ኳስ ሰፊ ነበር። ሰፊዎቹ ቀዩን ቆዳ በእንጨት መቆንጠጫ ጉልበታቸው መሀል ይዘው በወስፌ እየበሱ በሁለት መርፌ ሲሰፉ ይውላሉ፤ የእሱ ወገብ ግን አልቻለውም። ከዚያ አለቃው ሌላ ነገር አየበት። ሙዳሲር ያለቀለትን ኳስ ጆሮው አጠገብ ይዞ በትንሽ የእንጨት መዶሻ ሲመታው፣ ውስጡ ያለው ቡሽ በደንብ የተጠቀለለ ይሁን የላላ ያውቃል። ስለዚህ ቆሞ የሚሠራበት ጠረጴዛ ተሰጠው። በቀን አራት መቶ ኳስ ያዳምጣል። እሱ የላላ ነው ያለውን ኳስ ቀደው ሲያዩት ላልቶ ይገኛል፤ አሁን አሁን መቅደዱንም ትተውታል፣ ቃሉ ይበቃል። የፋብሪካው ሰው የሚጠራው “ጆሮ” ብሎ ነው።

ልምምዱ ሲያበቃ ሰርመድ ወደ እናቱ ሄደ። ሙዳሲር ወደ ኡስታድ ጉልዛር ወንበር ተጠጋ።

“ኡስታድጂ፣ የግራ እግሩ ሁለት ጊዜ እየመታ ነው” አላቸው።

“የማን?”

“የሰርመድ። የመጨረሻው እርምጃ። የወገቡን ሕመም እየሸሸ ነው።”

ኡስታድ ጉልዛር ዓይናቸውን ከሰርመድ ላይ አላነሱም። ሰርመድ ባጃጁ ደጃፍ ቆሞ እናቱ በእጇ ስታጎርሰው ይስቃል።

“እኔ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጬ ያላየሁትን አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ሰማኸው?”

“ሰማሁት።”

“እስቲ ልጠይቅህ፣ ልጄ። የሰማው ጆሮህ ነው ወይስ ልብህ?”

በክፋት አልነበረም። ሰው የቲማቲም ዋጋ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁት። ኡስታድ ጉልዛር ቀጥለው፣ ሰርመድ እሁድ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ከሄደ ወዲያ የቡድኑ ሐኪሞች እንዳሉ፣ እነሱ እንደሚያዩት፣ ይህ ሜዳ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ለአገር አብቅቶ እንደማያውቅ ነገሩት። በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገሩ ከማንም አፍ ይውጣ ከእሱ አፍ ግን እንዳይወጣ አሉት።

ለምን ከእሱ አፍ እንዳይወጣ እንዳሉት ሙዳሲር ያውቃል። መንደሩም ያውቃል።

የሰርመድ ነገር የሆነው በአንድ ብርድ ወቅት ውስጥ ነው። አምና በዚህ ጊዜ በየመንገዱ ናስትሮ የተጠቀለለበት የቴኒስ ኳስ ሲወረውር ነበር። ከዚያ አውራጃው ወሰደው። ከአውራጃው ሳይመለስ፣ በትልቁ ውድድር አንድ ወርዋሪ ጉልበቱን ቢጎዳ በእሱ ቦታ ገባ፤ በሁለተኛው ቀን በሰዓት መቶ ሃምሳ አንድ ኪሎ ሜትር ወረወረ። ያቺን ኳስ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ አያት። በአምስት ወር ውስጥ ለሦስት ቡድን ተጫወተ፤ አንዱ ሲለቀው ሌላው ተቀበለው። መንደሩ ውስጥ ወተት ሻጩ ገንዘብ አልቀበልም አለ፣ ፀጉር አስተካካዩ ፎቶውን ሰቀለ፣ አልፈው የማያውቁ ሰዎች በበራቸው ማለፍ ጀመሩ። ኩልሱም ቢቢ ደስ ሲላት ፈራች። በፊትም ልጅ ነበራት፣ በፊትም ሰዎች በበሯ ያልፉ ነበር፣ ከዚያ ዓይን በላው። ሙዳሲርን ዓይን እንደበላው አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። አሁንም ስለ ሰርመድ የሚያወራ ሰው ማሻአላህ ሳይል ቃል እንዳይጨርስ አስጠንቅቃለች። ደከመው፣ ከሳ፣ አመመው የሚባል ነገር በቤቷ አይነገርም፤ የተነገረ ይደርሳልና። ጎረቤቷ ባጂ ሸሚም ደግሞ፣ አንድ ነገር ያጣ ሰው ያንኑ ነገር በሌላው ላይ ሲያየው ዓይኑ እንደሚከብድ፣ ሰውዬው ራሱ እንኳ ላያውቀው እንደሚችል፣ ሙዳሲር በሌለበት ነግራታለች። ሙዳሲር ግን ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ሰምቷል።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትገባ ኩልሱም ቢቢ ሰርመድን ግቢው መሀል በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ሰባት ዛላ በርበሬ በጭብጧ ይዛ ሰባት ጊዜ በራሱ ዙሪያ አዞረችና ከሰሉ ላይ ጣለችው። ክፉ ዓይን ያልነካው ሰው ከሆነ የበርበሬው ጭስ ቤቱን ሁሉ ያስነጥሳል፣ ያስላል። ዓይን የነካው ከሆነ ግን ምንም አይሸትም ይባላል።

በርበሬው ጠቆረ። ጨሰ። ባጂ ሸሚም አንገቷን አስግጋ አሸተተች። ማንም አላሳለም።

“የገዛሽው የካቻምናውን ይሆናል፣ አሚ” አላት እናቱን ሰርመድ እየሳቀ። “ባለሱቁ አታሎሻል።”

“አንተ ዝም በል” አለች ባጂ ሸሚም። “ጥርስህን የምታሳየው ለማን ነው?”

ኩልሱም ቢቢ ከከሰሉ ቀና ብላ ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ አየች። ባጂ ሸሚምን ከሁለት ምራቶቿ ጋር፣ በር ላይ የቆመችውን የወተት ሻጩን ሚስት። መጨረሻ ላይ ሙዳሲርን አየችው፤ እሱም ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ቆየች።

በኋላ ዱቄት ወደሚቀመጥበት ጓዳ ጠራችው። ገባ። በሩን ገፋ አደረገችው።

“ዛሬ ሜዳ ላይ ሲወረውር ማሻአላህ ብለሃል?” አለችው።

ሙዳሲር አሰበ። አላለም ነበር። እርምጃ እየቆጠረ ነበር።

“ብያለሁ።”

ጉንጩን በእጇ ዳሰሰችው። እጇ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። “አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም። ክፉ ልጅ አልወለድኩም። ዓይን ግን ሳያስፈቅድ ነው የሚወጣው። እስኪሄድ ድረስ ብዙ አትየው፣ እሺ? ስለሱም ብዙ አታውራ።”

እሺ አላት።

ቅዳሜ ንጋት ሙዳሲር ከፈጅር ሶላት ሲመለስ ሰርመድን በውሃ መቅጃው ፓምፕ አጠገብ አገኘው። የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ነበር። ጎንበስ አላለም። እግሩን እስከ ፓምፑ ግንብ ድረስ አንስቶ፣ ወገቡን እንደ እንጨት አቅንቶ ነበር የሚያስረው። ሙዳሲር ራሱ በሃያ ዓመቱ በዚሁ ግንብ ላይ እንደዚያ ያስር ነበር።

“ስንት ጊዜ ሆነህ?” አለው።

“ምኑ?”

“እኔን እንኳ ትደብቀኛለህ?”

ሰርመድ ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ ጨረሰ። እግሩን በሁለት እጁ ደግፎ አወረደው። “ሦስት ሳምንት” አለ። “ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፣ ባይጃን፣ ወንድሜ። ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል።”

“የኔም ይጠፋ ነበር።”

“ያንተ ያንተ ነው።”

ፓምፑ ጠብ ጠብ ይላል። ሙዳሲር ላሆር ያለው ሐኪም ያለውን፣ ሦስት ወር ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ወር ምንም እንዳልሆነ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስት ወር የትም እንደማይደርስ አስረዳው። ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ሰርመድ ራሱን አቀርቅሮ አዳመጠው፤ ከዚያ ከእሱ ኋላ ሦስት ወርዋሪዎች ተራ ይዘው እንደቆሙ፣ አንዱ የፔሻዋር ልጅ መቶ አርባ ዘጠኝ እንደሚወረውር፣ ቦታውን አንድ ጊዜ ከለቀቀ ስሙን የሚያስታውሰው የዚህ መንደር ፀጉር አስተካካይ ብቻ እንደሚሆን ነገረው። እሱም ፎቶውን እስኪያወርድ ድረስ ነው፣ አለ።

“ወገብህንስ ማን ይመልስልሃል?”

“ለማንም እንዳትናገር” አለ ሰርመድ። አሁን አይስቅም። “ሌላ ሰው ቢናገር ጉዳት ነው ይላሉ። አንተ ብትናገር ምን እንደሚሉ ታውቃለህ። አሚ ትሞታለች። በሁለታችንም ነው የምትሞተው።”

“ሐኪሞቹ ቢጠይቁስ?”

“እኔን ነው የሚጠይቁት፤ ደህና ነኝ እላቸዋለሁ።” ትከሻውን መታ አደረገው። “አንተን ማን ይጠይቅሃል፣ ባይጃን?”

እኩለ ቀን ላይ የሙዳሲር ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ከላሆር ነበር፤ የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም ዶክተር ፈርሃት ይባላሉ። ሰርመድ በቅጹ ላይ የቅርብ ዘመድ ብሎ የሞላው የወንድሙን ስም ስለሆነ ጥቂት ጥያቄዎች እንዳሏቸው ተናገሩ። ድምፃቸው ለስላሳና የተቻኮለ ነበር። ኩልሱም ቢቢ ፊት ለፊቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ለሽኝቱ ምስር ትለቅም ነበር፤ ከላሆር መሆኑን ስትሰማ እኔም ልስማ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ድምፁን ከፍ አደረገና ስልኩን በመካከላቸው አስቀመጠው።

ሐኪሙ የትውልድ ቀኑን ጠየቁ። የደም ዓይነቱን ጠየቁ። በልጅነቱ የታመመው ነገር እንዳለ፣ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ፣ አባታቸው በምን እንደሞቱ፣ በቤተሰቡ ስኳር ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቁ። ሙዳሲር ሁሉንም መለሰ። ኩልሱም ቢቢ ለእያንዳንዱ መልስ ራሷን እየነቀነቀች ድንጋዩን ከምስሩ ትለያለች።

“በቤተሰቡ ውስጥ የወገብ አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው አለ? ወንድም፣ አባት፣ አጎት? በተለይ ፈጣን ወርዋሪ የነበረ?”

ኩልሱም ቢቢ እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ።

“ይህን የምጠይቀው በዘር የሚሄድ ነገር ስላለው ነው” አሉ ሐኪሙ። “ካለ ከመሰለፉ በፊት በማሽን እናየዋለን። የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ሌላ ችግር የለውም።”

ሙዳሲር ስልኩን አየው። የተጠየቀው ስለ ሰርመድ አልነበረም። ስለ ሰርመድ አንድ ቃል መናገር አያስፈልገውም ነበር፤ ስለ ገዛ ወገቡ መናገር ብቻ በቂ ነበር፤ ያ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ መንደር የሚያውቀው ነገር ነው። ቀና አለ። እናቱ አላየችውም። ዓይኗ ሰፌዱ ላይ ነበር፣ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዓይን እንዳይነካ የሚቀራውን ትቀራ ነበር። እየቀራች ያለችው ሰርመድን ከማን ዓይን ልትጠብቀው እንደሆነ ገባው።

“የለም” አለ።

“አንተስ? ተጫውተህ ታውቃለህ?”

“በሰፈር ብቻ። ለጨዋታ ያህል።”

ሐኪሙ አመስግነው ዘጉ። ኩልሱም ቢቢ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ በጉልበቷ እየተሳበች መጣችና ግንባሩን ሳመችው። ረጅም ጊዜ ግንባሩን ስማው አታውቅም ነበር። ሙዳሲር ከተቀመጠ ግማሽ ሰዓት ሆኖት ስለነበር ሲነሳ እጇን ሰጠችው።

እሁድ ጠዋት መንገዱ በሰው ሞላ። ከበሮ መቺዎች መጡ፣ ጣፋጭ ታደለ፣ የቢጫ አበባ ጉንጉን ሰርመድ አንገት ላይ እየተደራረበ አገጩ ደረሰ። ኩልሱም ቢቢ ቁርኣኑን በሩ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ በሥሩ አሳለፈችው፤ ግራ እጁ ላይም ጥቁር ክር አሰረችለት። ኡስታድ ጉልዛር የተተኮሰ ኮት ለብሰው ከመንገዱ ሰው ሁሉ ጋር ተቃቀፉ። ሰርመድ ሻንጣውን ሳይናገር ለሙዳሲር ሰጠው፣ ሙዳሲርም ሳይጠይቅ ተቀበለው። ሁለቱም ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሁለቱ የተሰበረና ሊሰበር ያለ ወገብ ይዘው አንድ ሻንጣ ሲቀባበሉ ማንም ልብ አላለም። ሰርመድ መኪናው ውስጥ የገባው የበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ፣ አሮጌ ሰው እንደሚገባ ነው። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሳቀ፣ መኪናው ሄደ።

ጨዋታው ሐሙስ ራዋልፒንዲ ላይ ነበር። ወተት ሻጩ ቴሌቪዥኑን አውጥቶ በግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ መንገዱ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ኡስታድ ጉልዛር የፕላስቲክ ወንበራቸውን ከሜዳ አስመጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሴቶቹ ከየጣሪያው ላይ ሆነው ያያሉ። ሙዳሲር ብዙ መቀመጥ ስለማይችል ከሁሉም ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ፊቱን አዞረ፤ ግን ጆሮውን የሚያዞርበት ቦታ አልነበረም፣ ምክንያቱም በሦስቱ እንጨቶች ሥር ድምፅ መያዣ ተቀብሮ ነበር። ሜዳው ላይ የሚረገጠው ሁሉ በወተት ሻጩ ድምፅ ማጉያ በኩል መንገዱ ላይ ይረገጥ ነበር።

ስድስት ኳስ ያለው የሰርመድ የመጀመሪያ ዙር ሲጀመር ሰው ሁሉ ተነሳ። በአራተኛው ኳስ የእንግዳውን ቡድን አምበል ከጨዋታ አስወጣ፤ እንጨቱ ተሽከርክሮ ሄደ። መንገዱ ተናጠ። ሰዎች ሙዳሲርን አቀፉት፣ ጀርባውን ደበደቡት። እንደምንም ፈገግ አለ። በስድስቱም ኳስ አሥራ ስድስተኛው እርምጃ ሁለት ጊዜ መትቶ ነበር።

በሁለተኛው ዙር በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ቦታ ሰፋ። በሦስተኛው ዙር ይበልጥ ሰፋ። መብረቅ ካዩ በኋላ ነጎድጓዱን እንደሚጠብቁት ሁሉ፣ ሙዳሲር ከመጀመሪያው ድምፅ በኋላ ሁለተኛውን መጠበቅ ጀመረ። ተንታኞቹ ስለ ልጁ ድፍረት ያወራሉ። በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ኡስታድ ጉልዛር ፎጣቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ዞሩና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ራስ ላይ አልፈው፣ ሙዳሲርን አዩት። እሳቸውም ሰምተዋል።

ሙዳሲር ከግድግዳው ተላቆ ወደ ግቢው ገባ። ስልኩን አውጥቶ የዶክተር ፈርሃትን ቁጥር ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። በጨዋታ ቀን የቡድኑ ሰው በሙሉ፣ ከተጫዋች እስከ ሐኪም፣ ስልኩን በር ላይ አስረክቦ እንደሚገባ ያውቃል፤ ለውርርድ ሰዎች ወሬ እንዳይወጣ የተደነገገ ነው፣ ሰርመድ ራሱ ነግሮታል። እያወቀ አምስት ጊዜ ደወለ። እናቱ ከጣሪያው ላይ ሆና ቁልቁል አየችው።

“ለማን ነው የምትደውለው?” አለችው።

“ለሐኪሙ።”

“ለምን?”

“ዋሽቻቸው ነበር፣ አሚ” አለ። “ወገቡ የተሰበረ ወንድም አለው ልላቸው ነው።”

መንገዱ ላይ አራተኛው ዙር ተጀምሮ ነበር። ሙዳሲር ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በሌላው ጆሮው ይቆጥራል። የመጀመሪያው ኳስ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። በሦስተኛው አሥራ አምስቱ እርምጃዎች እየፈጠኑ መጡ፤ አሥራ ስድስተኛው አልተሰማም። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የእግር አልነበረም። ከዚያ መንገዱ በሙሉ ዝም አለ፤ የሚሰማው የስልኩ ጥሪ ብቻ ነበር።

ሰርመድን በቃሬዛ አወጡት። የወገቡ አጥንት በሁለቱም በኩል ተሰብሮ ነበር። ዓርብ ጠዋት ዶክተር ፈርሃት ራሳቸው ደወሉና ያንኑ ጥያቄ ደግመው ጠየቁ። ሙዳሲር አለ፣ እኔ ነኝ አላቸው። ሐኪሙ ስንት ዓመቱ ሳለ እንደሆነ ጠየቁት፣ ነገራቸው፣ ጻፉት። ሰርመድ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በአምቡላንስ ተኝቶ ቤቱ ገባ፤ በቦታው የፔሻዋሩ ልጅ ተሰለፈ። ኩልሱም ቢቢ ያን ቀን ማታ በርበሬ አላቃጠለችም። ሰርመድ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልወረወረም።